እሳት የማይበላው ፍራሽ

ሲጋራ አጭሼ አላውቅም፤ ላይተር ግን ከኪሴ ጠፍቶ አያውቅም ነበር። የሥራ ዕቃዬ ነው። ጎፋ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብላ ባለች ቆርቆሮ ጣሪያ ሶፋ ቤት፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ስፖንጅ የምፈትሸው እኔ ነበርኩ። ከስፖንጁ ጥፍር የምታህል ቆርጬ በጉጠት እይዝና እሳት አስጠጋባታለሁ። እየተንጠባጠበች ከነደደች "ሎካል!" ብዬ ስፖንጁን ወደ ግራ እወረውረዋለሁ። ጥቁር ጭስ ለቃ፣ እሳቱን ራሷ ካጠፋችው ግን "ኦሪጅናል!" ብዬ እጮሃለሁ። ይሄኔ የቤቱ ባለቤት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው፣ ከውስጥ ሆነው "ለብቻ አስቀምጠው!" ይላሉ። ለብቻ የሚቀመጠው ለሙሽራ ቤት፣ ለተከበረ ደንበኛ እና ለሕፃን አልጋ ነው።

እንዲህ ፈትሹ ብሎ ያስተማረን የለም። ወርቅ በእሳት ይፈተናል ሲባል ሰምተናል፤ እሳት ያልደፈረው ነገር ሁሉ ወርቅ መሰለን።

ስፖንጁ የሚመጣው ውጭ አገር ተገልግለውበት ከጣሉት ወንበር ነው። የቢሮ ወንበር፣ የመኪና ወንበር፣ የሲኒማ ቤት ወንበር በጭነት መኪና ተከምሮ ይመጣል። ልባሱን እንገሽልጣለን፤ ደህናውን ስፖንጅ በልክ እንቆርጣለን፤ ያረጀውን በእጃችን እየበጫጨቅን ትራስ ውስጥ እንጠቀጥቃለን። ያረጀ ስፖንጅ ሲበጫጨቅ እንደ ሽምብራ ዱቄት ይቦናል። ማታ ወደ ቤት ስሄድ ቅንድቤ ቢጫ ነው። ምሳ የምንበላው ክምሩ ላይ ተጋድመን ነው፤ ከምሳ በኋላ የምናሸልበውም እዚያው ላይ ነው። ከዚያ የሚመች አልጋ በሰፈሩ አልነበረም። እጅ መታጠቢያ ጀሪካን ውጭ ነበር፤ ግን ማን ይነሳል?

"ስፖንጅ ምን ቆሻሻ አለው?" ይለኝ ነበር ሰፊው። ሰፊው የሶፋውን ልባስ የሚሰፋ፣ በዕድሜ እኩያዬ፣ ምላሱ ከመቀሱ የሚሰላ ልጅ ነው። "ግሪስ አይደል፣ ቀለም አይደል! ብላ ባክህ፣ ሙሽራ አትሁንብን።"

ከእያንዳንዱ ወንበር ሥር በእንግሊዝኛ የተጻፈባት አንዲት ነጭ የጨርቅ ቁራጭ ተሰፍታ ትመጣለች። ገና ስንጀምር ቀድደን የምንጥለው እሷን ነው። እኔ ግን የተጻፈ ነገር ስጥል እጄን ያመኛል። ከስምንተኛ ክፍል በኋላ ትምህርት ቤቴ በወደቀ ወረቀት፣ በዕቃ መጠቅለያ፣ በአሮጌ ጋዜጣ ነው። እነዚያን ጨርቆች እየሰበሰብኩ በቢስኩት ቆርቆሮ አጠራቅም ነበር። የማልረዳውን ቃል እንደ ግጥም ጮክ ብዬ አነበዋለሁ፤ ሰፊው "አሁን ደግሞ ፈረንጅ ነብይ ሆነ" እያለ ይስቃል። የራሴን ግጥም ደግሞ ልባስ ከመልበሱ በፊት በሶፋው እንጨት ላይ በአናጢ እርሳስ እጽፋለሁ። በዚህ ከተማ ስንት ባለ ሱፍ በግጥሜ ላይ ተቀምጦ ቡና ይጠጣል! ማንም አያውቅም። መጻፍ እወዳለሁ፤ መታየት ግን እፈራ ነበር። ወደዚህ ፍርሃቴ በኋላ እመለሳለሁ።

ከባለቤቴ ጋር ስንጋባ ጋሼ "ምን ልስጥህ?" አሉኝ። "ኦሪጅናል" አልኩ። ከሦስት ትልልቅ ወንበር የወጣውን ስፖንጅ ፈትሼ፣ አንዱም እሳት እንዳልያዘ አረጋግጬ፣ በገዛ እጄ አጣብቄ የሙሽርነት ፍራሽ ሠራሁ። ሰፊው በወይን ጠጅ ቀለም ጨርቅ አለበሰልኝ። ፉሪ የተከራየናት አንድ ክፍል ውስጥ ስናስገባው ከበሩ ጋር ታገልን፤ ባለቤቴ ላዩ ላይ ዘላ ተቀምጣ "እንዲህ ያለ ፍራሽ የሚኒስትር ሚስትም የላት" አለች። እናቴ "እኔስ?" ስትል ለሷም ከዚያው ስፖንጅ ሶፋ ሠራሁላት። መካኒሳ አቦ ያለው ቤቷ ውስጥ እስከ ዛሬ አለ።

ከዚያ አራት ዓመት አለፈ፤ ልጅ አልመጣም።

ባለቤቴ ፉሪ መንገድ ዳር ባለች ፎቶ ኮፒ ቤት ትሠራለች፤ ለሰው ማመልከቻ ትተይባለች። ወላጆቿ ከደቡብ የመጡ ጴንጤ ናቸው፤ እናቴ ደግሞ የአቦን ወር በወር ሳታስታጉል የምትዘክር ናት። በሃይማኖት ለዓመታት አልተስማሙም፤ በአንድ ነገር ግን ያለ አስታራቂ ተስማሙ፤ ጥፋቱ የሷ ነው በሚለው። እናቴ በጠርሙስ ጸበል ትልካለች። የወላጆቿ ቤተ ክርስቲያን ሴቶች እሁድ እሁድ እጃቸውን ሆዷ ላይ ጭነው ይጸልያሉ። ጸበሉም ጸሎቱም የሚወርደው በሷ ላይ ነው። እኔን አንድም ሰው አንዲት ጠብታ ረጭቶኝ አያውቅም።

እሷ ሁለት ጊዜ ተመረመረች፤ ሁለት ጊዜ "ምንም የለብሽም" ተባለች። በሁለተኛው ምርመራ ሐኪሟ "ባልሽስ?" ብላ ጠየቀቻት። ማታ ይህን ስትነግረኝ ሳቅኩ።

"እኔ ደግሞ ምን ልሁን?"

"ምን እንደሆንክ ነዋ የሚመረመረው!"

"ወንድ ነኝ እኮ፤ ምንም አልጎደለኝም።"

"አንተ ሰውዬ፣ ወንድነትህን አልጠየቅኩህም። ዘርህን ነው።"

ሦስት ሳምንት አኮረፍኩ። ከዚያ በኋላ፣ ለማንም ሳልናገር፣ ከጎፋ ርቄ ማንም የማያውቀኝ ክሊኒክ ሄድኩ። የሆነውን ዝርዝር አልጽፍም፤ ፕላስቲክ ዕቃ ይዛችሁ መጸዳጃ ቤት ተልካችሁ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ውጤቱን የነገረችኝ ሐኪም ቁመቷ አጭር፣ ድምፅዋ ወፍራም ነው። የዘርህ ቁጥር በጣም ዝቅ ያለ ነው አለችኝ፤ ካለውም ደህና የሚዋኘው ጥቂት ነው።

"ሥራህ ምንድን ነው?"

"ሶፋ እንሠራለን።"

"ጫት?"

"አልቅምም።"

"ሲጋራ?"

"ኧረ በጭራሽ!"

"ሙጫ ይነካሃል? ሙቀትስ አለ?"

"ሁለቱም አለ። ስፖንጅም እፈትሻለሁ።"

"ስፖንጅ ምኑ ይፈተሻል?"

ስለ ላይተሩ ነገርኳት። ስለ ክምሩ፣ ስለ ምሳው፣ ስለ ዱቄቱ ጠየቀችኝ፤ ሁሉንም ነገርኳት። ስለ ፍራሹ ስደርስ ኮርቼ ነበር የነገርኳት። እስክሪብቶዋ አየር ላይ ቆመ።

"ጭሱንስ?"

"እናሸተዋለን። የኦሪጅናል ሽታው ይለያል።"

እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና፣ ስፖንጁ የማይነደው ጥሩ ስለሆነ ሳይሆን እሳት እንዳይይዘው ኬሚካል ስለተጨመረበት ነው አለችኝ። ኬሚካሉ ከስፖንጁ ጋር ታስሮ አይቀርም፤ ከዱቄቱ ጋር ይወጣል፤ በእጅ ወደ አፍ፣ በአየር ወደ ሳንባ ይገባል። ከዚህ ዓይነቱ ኬሚካል አንዳንዱ የሰውነትን ሆርሞን ያዛባል፤ ከወንድ ዘር መድከም ጋርም ስሙ ይነሳል።

"ስለዚህ ይሄ ነው የገደለኝ?"

"አልሞትክም። ባንተ ላይ ያደረሰው ይሄ ነው ብዬም አልፈርምልህም። ሙጫው ሊሆን ይችላል፤ ሙቀቱ ሊሆን ይችላል፤ ስም ያላገኘንለት ሌላ ነገርም ሊሆን ይችላል። ስሙ ተነሳ ማለት ተፈረደበት ማለት አይደለም። ግን አንተ ብትሆን፣ ጥርጣሬ ላይ ትተኛለህ?"

ዘር ተመርቶ እስኪወጣ ሦስት ወር ገደማ ስለሚፈጅ፣ ከዱቄቱ ርቄ፣ እጄን እየታጠብኩ፣ ከሦስት ወር በኋላ ተመለስ አለችኝ። ቤት ስገባ መጀመሪያ ያደረግኩት የቢስኩት ቆርቆሮውን መክፈት ነበር። ጨርቆቹን አንድ በአንድ እያወጣሁ ቃላቱን በስልኬ ተረጎምኩ። ከአሥሩ ሰባቱ ላይ እሳት የሚለው ቃል አለ። ስድስት ዓመት እንደ ግጥም እየጮህኩ ሳነበው የኖርኩት የራሴን ጉዳይ ነበር።

አሁን የሚያሳፍረኝ ክፍል ይመጣል። ለባለቤቴ ነገርኳት። አላለቀሰችም፤ አልተቆጣችምም። ጣቶቿን እያፍተለተለች፣

"ለማንም አትንገር" አለችኝ።

"እንዴት?"

"እኔ ለምጄዋለሁ። እኔ ላይ ይቅር። አንተ ግን አትችለውም፤ ሰፈሩ ሙድ ይይዝብሃል፤ ያ ሰፊ የምትለው ጓደኛህ ብቻውን ይጨርስሃል።"

እኔም እሺ አልኩ። አዎ፣ እሺ አልኩ። ሁለት ወር ሙሉ። ሥራ ቦታ አፌን በጨርቅ አስሬ፣ ጉንፋን ይዞኛል እያልኩ ዋልኩ። ምሳዬን ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ በላሁ። የእናቴ ጸበል ሲመጣ ባለቤቴ እየተቀበለች ጠጣች፤ እኔ ደግሞ ዓይኔን ወደ ስልኬ አደረግኩ። በዚያ ሰሞን በአንድ ሶፋ እንጨት ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤

እሳት ያልደፈረው ስፖንጅ ላይ ተኝቼ፣
ነበልባሌን አጣሁ በገዛ እጄ ሠርቼ።

ጽፌ ስጨርስ ደስ አለኝ፤ ቀጥሎ አፈርኩ። ቤት የሚመታ ለቅሶ ነው እንጂ ምን አለው? በዚያች ሰዓት ሚስቴ የኔን ስድብ እየተሰደበችልኝ፣ እኔ ስለ ነበልባሌ እገጥማለሁ! በብርጭቆ ወረቀት ድራሹን አጥፍቼ ፋቅኩት።

የአቦ ዕለት እናቴ ቤት ዝክር ነበር። ባለቤቴ ለአማቷ ክብር ስትል ትመጣለች፤ ጠላ ግን አትቀምስም፤ ለስላሳ ይዛ ጥግ ላይ ትቀመጣለች። ማኅበርተኞቹ ያንን እኔ የሠራሁትን ሶፋ ሞልተውታል። የሶፋው አንድ ጥግ ተቀዶ ቢጫው ስፖንጅ አፍጥጧል፤ ገና ድክ ድክ የምትለው የእህቴ ልጅ ከቀዳዳው እየቆነጠረች ወለሉ ላይ ትበትናለች። አንዳንዱን ወደ አፏ ትወስዳለች። ተነስቼ ከእጇ አስጣልኳት፤ ጮኸች። "ተዋት፣ ትጫወትበት!" አለች እናቴ።

ከማኅበሩ አዛውንቷ፣ ሁሉም እትዬ የሚሏቸው ሴት፣ ወደ ባለቤቴ ዞሩ።

"አንቺ ልጅ፣ ከዚህ ጠላ አንድ ፉት ብትዪ ኖሮ ይሄኔ ማኅፀንሽ ተከፍቶ ነበር።"

ሴቶቹ ሳቁ። ባለቤቴም አብራ ፈገግ አለች። እትዬ እጃቸውን ዘረጉ።

"በይ፣ የዛሬ ዓመት በአቦ፣ ይህን የመካንነት እስር ፈትቶልሽ፣ ወንድ ልጅ አስታቅፎ ያሳየን።"

"አሜን" አለች ባለቤቴ። አንገቷን ደፍታ፣ ለስላሳውን በሁለት እጇ ይዛ፣ አሜን አለች። ያንን አሜን ልቋቋመው አልቻልኩም።

"እትዬ፣ ምርቃቱን ወደ እኔ ያዙሩት" አልኩ።

"ምን አልክ ልጄ?"

"እስሩ እኔ ጋ ነው። ተመርምሬያለሁ። ዘሬ አንሷል። እሷ ሁለት ጊዜ ተመርምራ ምንም የለባትም ተብላለች።"

ከጓዳ የምትመጣው እናቴ ትሪ እንደያዘች ቆመች።

"ዝም በል! በአቦ ቀን!"

"በአቦ ቀን ውሸት ይሻላል እማዬ?"

"ወንድ ልጅ እንዲህ ያለውን ነገር በሰው ፊት ያወራል?" አሉ እትዬ፣ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው እየሳቡ።

"ሴት ልጅ በሰው ፊት ስትሰማው አራት ዓመት ሆናት አይደል? እሷ ካልሞተች እኔም አልሞትም።"

ከዚያ የያዝኩትን ሁሉ ለቀቅኩት። ስለ ላይተሩ፣ ስለ ዱቄቱ፣ ሐኪሟ ስላለችው፣ እርግጠኛ መሆን እንደማትችል ጭምር ነገርኳቸው። "የተቀመጡበት ሶፋም ከዚያው ነው፤ እኔ ነኝ የሠራሁት" ስል ሴቶቹ እንደ ተማከረ ሰው ሁሉ ከመቀመጫቸው ትንሽ ትንሽ ከፍ አሉ። አንዷ ቀሚሷን አራገፈች። በሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር።

ወደ ፉሪ በታክሲ ስንመለስ ባለቤቴ መስኮት መስኮቱን ታያለች። ልትጣላኝ መሰለኝ።

"ነገ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል" አለችኝ።

"ይወቅ።"

"ስሜን ሳትጠይቀኝ አነሳህ እኮ።"

"አጠፋሁ?"

"ቀደም ብለህ ማንሳት ነበረብህ።" ከዚያ ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገች። የቆጠርኩት የሁለት ወር ዝምታዬን ነበር፤ እሷ ግን አራት ዓመቱን ነበር የያዘችው።

በማግስቱ ወሬው ከኔ ቀድሞ ጎፋ ደርሷል፤ የሰፊው እናት የማኅበሩ አባል ናቸው። ስገባ ሰፊው የስፌት መኪናውን አቁሞ፣ "እንዴት አደርክ፣ እሳት የማይይዝህ!" አለ። ሁሉም ሳቁ። ጋሼ ግን አልሳቁም።

"ሥራዬን በሰው ቤት ታጣጥላለህ አሉ።"

"ሥራውን አይደለም ጋሼ፣ ዱቄቱን ነው።"

"ሃያ ዓመት በዚህ ሥራ ኖሬ አምስት ልጅ ወልጃለሁ! አምስት!"

"እግዜር ያሳድግልዎት። እርስዎ ግን የሚውሉት ከውስጥ ክፍል ነው፤ ዱቄቱን የምንበላው እኛ ነን።"

ላይተሩን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ከዛሬ ጀምሮ ስፖንጅ አቃጥዬ አልፈትሽም አልኩ። ታዲያ በምን ልታውቅ ነው ሲሉኝ፣ ከወንበሩ ሥር ቀድደን የምንጥላትን ጨርቅ አሳየኋቸው። እሳት የሚል የተጻፈበትን ለሕፃን አልጋ አልቆርጥም፤ ደንበኛ ከጠየቀኝም አልደብቅም። "ልታባርረኝ ፈልገህ ነው?" አሉኝ ተናደው፤ ሰው ሲናደድ የሚናገረው ይዘበራረቃል። "እርስዎ ካላባረሩኝ እኔ አልሄድም" አልኩ። ክንዱ የተጠማዘዘ ሶፋ ከኔ ሌላ ሠርቶ የሚያወጣላቸው እንደሌለ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ያን ቀን ካርቶን ላይ በትልቅ ማርከር ጻፍኩና ከክምሩ በላይ ሰቀልኩት፦ "እዚህ ላይ አይበላም፣ አይተኛም። እጅህን ታጠብ።" ግጥም አይደለም። ግን ልባስ ያላለበስኩት የመጀመሪያው ጽሑፌ ነው። ጋሼ ቀደዱት። በማግስቱ ደግሜ ጻፍኩ፤ ደግመው ቀደዱት። ሦስተኛውን ሲያዩ "ቢያንስ ፊደሉን አሳምረው" ብለው አለፉ። ጀሪካኑ አሁን ከበሩ ውስጥ ነው። ስፖንጁ ግን ዛሬም ይሸጣል። አሸነፍኩ ብዬ አልዋሽም።

ፍራሹን ያወጣነው በዚያው ሳምንት ነው። እሁድ ጠዋት እናቴ ሳትጠራ ፉሪ መጣች፤ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ጥጥ አሸክማ። ይቅርታ አልጠየቀችም፤ ይቅርታ የእናቴ ቋንቋ አይደለም። ለኔ ሳይሆን ለባለቤቴ፣ "ጸበሉን መላክ አልተውም፤ ከእንግዲህ ግን እሱ ይጠጣው" አለቻት። ከዚያ ማዳበሪያውን እግሬ ሥር ጣል አድርጋ፣ "ይሄኛው ይነዳል። በላይተርህ ሞክረው" አለችኝ። ሦስታችንም እስኪደክመን ሳቅን።

የወይን ጠጁን ፍራሽ በፕላስቲክ ጠቅልለን በረንዳው ላይ አቆምነው። ከዚያ ወዲህ እዚያው ቆሟል። አላቃጥለው፣ ጭሱ የባሰ ነው። አልጥለው፣ ቆሻሻው ጋ ደርሶ አንድ ሰው ይተኛበታል። ጎረቤታችን "ካልፈለጋችሁት ለልጆቼ" አለች፤ እምቢ ስላት "ምቀኛ" ብላኝ ሄደች። ወዴት እንደምወስደው እስካሁን አላውቅም። ግን የሚያየው ሁሉ "ይሄ ምን ይሠራል?" ብሎ ይጠይቃል፤ ለጠየቀ ሁሉ ከላይተሩ ጀምሬ እስከ ዘሬ ድረስ እነግረዋለሁ። የሚስቅ ይስቃል። ሦስት ወሩ ሊሞላ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፤ ተመልሼ እመረመራለሁ። ቁጥሩ ቢጨምርም ባይጨምርም ያልኩትን አልመልሰውም።

ባለፈው እሁድ ሰፊው መጣ። ፉሪ ድረስ መጥቶ አያውቅም። ሦስት ዓመት ሆኖታል ካገባ፤ ልጅ የለውም። በረንዳው ላይ ቆሞ በገዛ እጁ ያለበሰውን ፍራሽ በፕላስቲኩ ላይ በጣቱ ነካ ነካ አደረገ። ቀልድ ይጀምራል ብዬ ጠበቅኩ። ጉሮሮውን ጠረገ።

"ስማ እስቲ... ያ የተመረመርክበት ቦታ የት ነበር?"

እኔ አፌን ሳልከፍት ባለቤቴ ከውስጥ ወንበር ይዛ ወጣች። የእንጨት ወንበር፣ ስፖንጅ የሌለው።

"ቁጭ በል ወንድሜ" አለችው። "መጀመሪያ ሚስትህን አትውቀሳት። ሌላውን እኔ እነግርሃለሁ።"